ሹፌሩ ተቀምጦ ሲለካ

መስከረም 12 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣ ለሚሊ፦

ይህ ወረቀት በጤና ያግኝሽ። እጅሽን ከስለት፣ ዓይንሽን ከአቧራ፣ ልብሽን ከክፉ ወሬ ይጠብቅልኝ። እኔ ጉልበቴ ከመዛጉና ዓይኔን ሞራ ከመጋረዱ በቀር ምንም አልሆንኩም። ለምን አይደውልም እንዳትዪ፤ ስልክ ላይ ሰው ይጮሃል እንጂ አይነጋገርም።

ወሬው እንዲህ ነው። የአባትሽን መኪና ጨረስኳት። ከአደጋው ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ በሸራ ተሸፍና ጋራዡ ጥግ የቆመችውን ማለቴ ነው። ጎማውን የሚከድነውን የግራውን ፓራፋንጎ በመዶሻ ብቻ አወጣሁት፤ ስቱኮ የሚባል ነገር አልነካትም። ሞተሯን ጎረቤታችን ሞተሪስታው ፈታትቶ ገጠመው፣ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። አንቺ ሕፃን ሆነሽ የሜትሩን ጫፍ ይዘሽ «አንድ ሚሊ ቀረው፣ አንድ ሚሊ» እያልሽ ያደረቅሽን ነገር ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ስሙ የወጣልሽ በዚህችው መኪና ነው።

የቀራት የፊት ስፖይለር ብቻ ነው። እንደምታውቂው ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ውሃ የላት፣ ራዲያተር የላት፣ የሚያቀዘቅዛት አየር ነው። ስለዚህ ኋላዋ ከባድ አፍንጫዋ ቀላል ነው። ፍጥነት ስትጨምሪ ነፋስ ከፊት መከላከያው፣ ከፓራውልቱ ሥር ይገባና አፍንጫዋን ያነሳዋል፤ ያኔ መሪ ብታዞሪ ጎማው መሬቱን አይሰማም። ነፋሱን የሚከለክለው ከፓራውልቱ በታች የሚገጠመው ያ ምላስ መሳይ ነገር ነው። እዚህ የለም፤ ብጠይቅም ስሙን እንኳ የሚያውቅ አላገኘሁም። አንቺ ደግሞ በሰው አገር የምትሠሪው የአሮጌ መኪና ዕቃ በሚሸጥበት መጋዘን ነው። እንግዲህ አንዱን ምረጪና ላኪልኝ።

ከተገጠመላት በኋላ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሸክላ ፋብሪካው መንገድ አባትሽ በነዳበት ፍጥነት ነድቻት እመለሳለሁ። ከዚያ ያንቺ ናት።

አጎትሽ ባትላሜራው

ጥቅምት 3 ቀን

ለማከብርዎ አጎቴ፣ ለጋሼ፦

እንደምን ሰነበቱልኝ? ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ይድረስዎ። እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱ ገብቷል፣ መጋዘኑ ውስጥ ጓንት አድርገን ነው የምንጽፈው።

ደብዳቤዎን ሳነብ ደስታም ሌላም ነገር ተሰማኝ። ደስታውን ብቻ ልጻፍልዎት። ትናንት በምሳ ሰዓት ሦስት ስፖይለሮች ከመደርደሪያ አውርጄ ወለሉ ላይ ደረደርኳቸው። ፎቶ ብልክልዎ ዓይንዎ ስለማይረዳዎት በቃል ልሳልልዎ።

አንደኛው ቀጭን ነው፣ እዚህ «ከንፈር» ይሉታል። ከላሜራ የተሠራ፣ ጥልቀቱ አራት ጣት ብቻ። ሲመቱት ይጮሃል፤ እርስዎ የሚወዱት ዓይነት ነው። ሁለተኛው ከፋይበርግላስ ነው፣ ታችኛው ጠርዙ ላይ ጥቁር ጎማ አለው፤ ድንጋይ ቢነካው ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም። ሦስተኛው ጥልቁ ነው። ከመሬት ሊደርስ ምንም አይቀረው፣ ግራና ቀኙ ላይ ወደ ፍሬኑ አየር የሚያስገቡ ሁለት አፎች አሉት። አፍንጫን በደንብ የሚይዘው እሱ ነው፤ ግን ጋራዥ መግቢያ ላይ ይፋቃል።

ለመምረጥ ልኬት ያስፈልገኛል። ከወለሉ እስከ ፓራውልቱ ታችኛ ጠርዝ፣ ግራውንም ቀኙንም። የጎማ ነፋስ ይሞላ፣ ነዳጅ ግማሽ ይሁን። ሹፌሩ ተቀምጦ እንደሚለካ ደግሞ እኔ ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ ለአናጺ መጋዝ ማሳየት ይሆንብኛል።

ስለ መንገዱ በሌላ ጊዜ እናወራለን። ለመሆኑ ዓይንዎን ሐኪም አይቶልዎታል?

ሚሊ

ጥቅምት 21 ቀን

ለሚሊዬ፦

ጤናሽ እንደ ብረት ይጥናልኝ፣ ግን እንደ ብረት አይዛግብኝ።

ሐኪሙ አይቶኛል። እኔ ግን እሱን በደንብ አላየሁትም፣ በዚያ ነው የተለያየነው።

ለካሁ። ሹፌር ያልሽውን በአሮጌው ልማዳችን አደረግነው፤ ያን የሸራ ከረጢት ታስታውሻለሽ? አባትሽ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ እኛ ስንለካ መጠበቅ ስለሚሰለቸው የራሱን ክብደት አሸዋ ሞልቶ የሰፋው። ዘጠና አንድ ኪሎ። «ይኸው እኔ፣ እኔን እየለካችሁ እኔ ሻይ ልጠጣ» ይል ነበር። ከሞተሪስታው ጋር ተጋግዘን ከመሪው ኋላ አስቀመጥነው፣ ወገባችን ሊቆረጥ።

ግራው ሃያ ሁለት ሳንቲ ሜትር፣ ቀኙ ሃያ አራት።

ሞተሪስታው «ሰውዬው ከሞተም በኋላ ወፍሯል» አለ። ሳቅን።

እኔ ከንፈሩን ወድጄዋለሁ። የሚጮህ ላሜራ አይዋሽም። ብርዱ ሳይጠነክር ላኪልኝ። ደብዳቤሽን ጋራዡ ውስጥ ነው የማነበው፤ ከመኪናዋ ጎን ያለው ትልቁ መስኮት ነው ብርሃን የሚሰጠኝ፣ እዚያ ቆሜ ፊደል በፊደል ጮክ ብዬ እቆጥረዋለሁ። እንዲህ ሳነብ የተማሪ ቤት ልጅ መስያለሁ፤ ለመኪናዋም ወሬ ሆነላት።

አጎትሽ

ኅዳር 28 ቀን

ለማከብርዎ ጋሼ፦

ለጤናዎ እንደምን አሉልኝ? ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ፣ መጋዘኑ ውስጥ የዕቃ ቆጠራ ነበር።

ከንፈሩን ልልክልዎ አሽጌው ነበር። ስፈትሸው ግን መታጠፊያው ላይ የፀጉር ያህል ዝገት አገኘሁበት። ተውኩት። ጎማ ጠርዝ ያለውን ማየት ይሻለናል፤ እሱ ግን ቀለሙ ሌላ ነው፣ መፈተሽም አለበት። ትንሽ ይታገሱኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አይደል የሚባለው።

ደግሞ ልኬቱ አልገባኝም። ሁለት ሳንቲ ሜትር ብዙ ነው፣ ጋሼ። ዘጠና አንድ ኪሎ ሰው የዚያችን መኪና ግራ ቢያወርድ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ነው፣ ከፋ ቢባል አንድ። ወንበሩ መሃል ላይ ነው እንጂ አፍንጫው ላይ አይደለም። ወይ ሞላው ደክሟል፣ ወይ ሜትሩን በሞራ ዓይንዎ አንብበውታል። ከረጢቱን ያውርዱትና ባዶዋን ይለኳት። ሞተሪስታው ራሱ ያንብበው።

በዚህ ልኬት ምንም ነገር መላክ አልችልም።

ሚሊ

ታኅሣሥ 15 ቀን

ለሚሊ፦

ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ ሰላም ለእኛም ያስፈልገናል።

ደብዳቤሽን መስኮቱ ጋ ቆሜ አነበብኩት። «ከረጢቱን ያውርዱት» የምትለው ላይ ስደርስ ሞላዋ አንዴ ሲጥ አለች። ብረት ሲቀዘቅዝ ይጮሃል፣ አልገረመኝም።

ከረጢቱን አወረድነው። ለካን። ሜትሩን ያነበበው ሞተሪስታው ነው፣ የሱ ዓይን ከድመት ይሻላል። ግራው ሃያ ሁለት፣ ቀኙ ሃያ አራት። ባዶ መኪና። እንደገና ለካን። ከዚያ አንቺ እንዳልሽው የግራውን ሞላ ፈታን፤ ምንም አልሆነም፣ ከቀኙ ጋር እኩል ነው። ቀይረን ግራውን ቀኝ፣ ቀኙን ግራ ገጠምን። በክሪክ አነሳናት፣ አወረድናት፣ አወዛወዝናት። ሃያ አራት በሃያ አራት ሆነች። እጃችንን ታጥበን፣ በሩን ቆልፈን ሄድን።

ጠዋት ስንመጣ ግራው ሃያ ሁለት ነው።

ሞተሪስታው የሹፌሩን በር ከፍቶ ወንበሩን በእጁ ጫን ጫን አደረገው። ስፖንጁ አልወረደለትም። ሰው የተቀመጠበት ወንበር ከጎኑ ብትጫኚው እንደሚሆነው ማለት ነው፤ ቀድሞ ወርዷል። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው፣ ሰው እንዳይቀሰቅስ ዓይነት። ከዚያ ወዲህ ሥራ በዝቶብኛል ይላል። በበሩ ሲያልፍ ሰላም ይለኛል፣ አይገባም።

እኔ አልፈራሁም ልጄ። ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ከዚያ ውስጥ ሃምሳውን ከወንድሜ ጋር አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው የኖርኩት። የምፈራው ሌላ ነገር ነው።

ጎማ ጠርዙም ይሁን፣ ብቻ ላኪልኝ።

አጎትሽ

ጥር 20 ቀን

ለማከብርዎ ጋሼ፦

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። ኮቴ ኪስ ውስጥ ይዤው ነበር የምዞረው።

ወለሉ ሰጥሞ እንዳይሆን። ውሃ ልክ ያስቀምጡበት። ከዚያ መኪናዋን አዙረው ያቁሟትና እንደገና ይለኩ። ወለሉ ከሆነ ዝቅ ያለው ጎን ይቀየራል። ከጎማ ጠርዙ ደግሞ ጥልቁ ሳይሻል አይቀርም ብዬ አስቤያለሁ፤ ለእሱ ግን የጋራዡን መግቢያ ቁልቁለት መለካት አለብዎት። በየሁለት እርምጃው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እኔ እንጀራዬ ዝርዝር ማንበብ ነው፣ የዕቃ ቁጥር፣ የዕቃ ጉዳት። የአደጋውን ሪፖርት ግልባጭ አውጥቼ አነበብኩት። «የፊት ስፖይለር፦ የለም» ይላል። ተሰብሯል አይልም፣ ተገንጥሏል አይልም። ብሎኖቹ የገቡባቸው ቀዳዳዎች ደህና ናቸው ይላል። ስድስት ዓመት ሙሉ አደጋው የነቀለው ይመስለኝ ነበር።

ጋሼ፣ የድሮው ስፖይለር የት ገባ?

ሚሊ

የካቲት 2 ቀን

ለሚሊ፦

ሰላምታ አላበዛም፣ እጄ ይከብደኛል።

በመጀመሪያ የጠየቅሽውን ልመልስ። ውሃ ልኩ ወለሉ ልክ ነው ይላል። ብቻዬን ገፍቼ አዞርኳት፣ ዝቅ ያለው ያው የሹፌሩ ጎን ነው። የመግቢያውን ቁልቁለት አልለካሁም፤ ከዚህ ቀጥሎ የምጽፍልሽን ካነበብሽ በኋላ ልለካው ከፈለግሽ እለካዋለሁ።

የጋራዡን ሕግ ታውቂያለሽ። ያላለቀ መኪና መሪው ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰራል። ጨርቅ ካለ ማንም አይነዳም። ጨርቅ ከሌለ አልቋል ማለት ነው፣ ጥያቄ የለም፣ ዞሮ ማየት የለም። ይህን ሕግ ያወጣው አባትሽ ነው፤ «ባትላሜራና ሞተር ሠሪ እየተጣሩ ከሚሠሩ ጨርቅ ይናገር» ብሎ።

ያን ሐሙስ ስፖይለሩ መግቢያው ላይ ተፍቆ ስለተሰነጠቀ ልበይደው ፈታሁት። ጨርቁን አሰርኩ። ከምሳ በኋላ አንድ የጭነት መኪና መጣብንና ቦታ ለመልቀቅ የአባትሽን መኪና ገፍተን ወደ ግቢ ማውጣት ነበረብን። መሪውን ሳዞር ጨርቁ እጄ ላይ ተጠመጠመ። ፈታሁትና ኪሴ ከተትኩት። መልሼ አስረዋለሁ ብዬ ነው። የጭነት መኪናው ሹፌር ጠራኝ፣ ሄድኩ፣ ነገርን ነገር እያነሳው ዘገየሁ።

አባትሽ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። መሪውን አየ፣ ጨርቅ የለም። አስነስቶ ወጣ። ጎንበስ ብሎ አፍንጫዋን አላየም፤ ለምን ያያል? ሕጉን አምኗል፣ እኔን አምኗል። ሸክላ ፋብሪካው ጋ ካለችው ጉብታ ላይ እንደ ሁልጊዜው ረገጣት።

ጨርቁን ያገኘሁት ከቀብር መልስ ሱሪዬን ስቀይር ነው።

ስፖይለሩን ቆራርጬ ጣልኩት። ለማንም አልተናገርኩም። እናትሽም ሳትሰማው አለፈች። አንቺ ያኔ መምጣት አልቻልሽም፣ እኔ ደግሞ ባለመምጣትሽ ዓይንሽን ከማየት ተርፌ ነበር። ይህን ማለት ያሳፍራል፣ ግን እውነት ነው።

ስለዚህ መንገዱን ልሂደው። ስፖይለር ተገጥሞላት በዚያ ጉብታ ላይ በዚያ ፍጥነት አፍንጫዋ ካልተነሳ፣ ወንድሜን የገደለው ኪሴ ነው። ተገጥሞላትም ከተነሳ መንገዱ ነው። የመጣው ይምጣ፣ ሳላውቅ መሞት አልፈልግም። እሱም ይህን ፈልጎ መሰለኝ ከመሪው ኋላ የተቀመጠው። እየጠበቀኝ ነው።

አጎትሽ

የካቲት 14 ቀን

ለአጎቴ፦

ሁለት ቀን ሥራ አልገባሁም። ክፍሌ ውስጥ አልጋና ግድግዳ ብቻ ነው ያለው፤ ግድግዳውን ሳየው ዋልኩ። ይቅር ብዬዎታለሁ ብልዎ ውሸት ይሆናል፣ ገና አልደረስኩበትም። ተናድጃለሁ። አልቅሻለሁ። ግን ከእርስዎ በቀር ሚሊ ብሎ የሚጠራኝ ሰው በዚህ ዓለም ላይ አልቀረም፤ እርስዎንም በዚያው ጉብታ ላይ መቅበር አልፈልግም። ይህን በግልጽ ይወቁት።

እኔም የምናዘዘው አለኝ። ከንፈሩ ላይ ዝገት የለም። ኖሮም አያውቅም። ከጥቅምት ጀምሮ በወረቀት ተጠቅልሎ አልጋዬ ሥር ነው ያለው። ጎማ ጠርዙም ሰበብ ነበር፣ ጥልቁም ሰበብ ነበር፣ ልኬቱም ሰበብ ነበር። ከመጀመሪያው ደብዳቤዎ ጀምሮ ስፖይለሩ በደረሰ ማግስት የት እንደሚሄዱ አውቄያለሁ። ዕቃ የማይልክ ሰው ሞት አይልክም ብዬ ነው። በዚህ መሃል እርስዎን ከዚያች መኪና ጋር አምስት ወር ሙሉ ብቻዎን አስቀመጥኩዎት።

አሁን አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ወንበሩ ላይ ያለውን ነገር አምኛለሁም አላመንኩምም። ግን ደብዳቤዎቼን አጠገቧ ቆመው ጮክ ብለው ያነባሉ። ይህን ከታች ያለውን እንደተጻፈው ያንብቡት፣ አይጨምሩ፣ አይቀንሱ።

አባዬ፣ እኔ ነኝ። ጋሼ ጨርቁን ረስቶታል፣ አንተም አፍንጫዋን ሳታይ ወጥተሃል። ሁለታችሁም ቸኩላችኋል። እሱ አርጅቷል፣ ዓይኑ አያይም፣ እንዲነዳ አትጠብቀው። ከመሪው ተነስ አባዬ። ቦታውን ልቀቅ።

ሚሊ

የካቲት 26 ቀን

ለሚሊዬ፦

እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ባንቺ ቁጣ ውስጥ እንኳ እንቅልፍ አገኘሁ።

እንዳልሽው አነበብኩለት። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። «ልቀቅ» ስል ሞላዋ ሲጥ አለች፣ ከዚያ መኪናዋ በሙሉ ቀስ ብላ ተወዛወዘች። ሰው ከወንበር ሲነሳ እንደምትወዛወዘው። በዓይኔ ነው ያየሁት፣ ባለችኝ ዓይን።

ሜትሩን አወጣሁ። ግራው ሃያ አራት። እልል ልል ነበር። ምን እንዳሰብኩ እንጃ ቀኙንም ለካሁት።

ቀኙ ሃያ ሁለት ነው።

አልሸሹም ዞር አሉ። ሞተሪስታውን ጠርቼው በሩ ላይ እንደቆመ ነገርኩት። እሱም ከዚያው ሆኖ «ቦታ ለቀቀልህ እኮ» አለኝ፣ ፊቱ እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ሄደ።

እውነቱን ነው። ወንድሜ በሕይወት ዘመኑ አንድ ቀን እንኳ ከዚያ መሪ ተነስቶ ለእኔ ሰጥቶ አያውቅም። «አንተ ቀጥቅጥ፣ እኔ ልንዳ» ነበር ንግግሩ። አሁን ከጎን ተቀምጦ ንዳ እያለኝ ነው። ከዚህ ወዲያ ይቅርታ ምን ዓይነት ነው? ስፖይለሩንም ካንቺ አልጠብቅም፣ አልቀየምሽም። ሃምሳ ዓመት ላሜራ የቀጠቀጥኩ ሰው ነኝ፣ ራሴ እሠራዋለሁ። መጀመሪያውኑ የጠየቅኩሽ ያንቺ እጅ እንዲኖርበት ብዬ ነው እንጂ። በወር ውስጥ ይደርሳል።

አጎትሽ

መጋቢት 7 ቀን

ለአጎቴ፦

ይህን በፈጣን ፖስታ ነው የምልከው።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ተነስ አልኩት፣ ወዴት እንደሚሄድ አልነገርኩትም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የእርስዎ አይደለም፣ የእሱም አይደለም።

እኔ እመጣለሁ። ፈቃድ ወስጃለሁ፣ ሚያዝያ 8 ቀን ጠዋት እደርሳለሁ። ከንፈሩን ራሴ ይዤው እመጣለሁ። እስከዚያ ድረስ በአባቴ ስም ይማሉልኝ፣ ወንበሯ ላይ አይቀመጡ፣ ሞተሯን አያስነሱ። ከመጣሁ በኋላ እኔ እነዳለሁ፣ እርስዎ ከጎኔ ይቀመጣሉ። ሁለታችን አብረን እንሄዳለን። የምንሄድበትን መንገድና ፍጥነቱን የምመርጠው እኔ ነኝ። ጉብታዋን ማየት ካለብዎት በእግራችን ወርደን እናያታለን።

ብቻዎን እንዳይሄዱ ብዬ ነው ይህን ሁሉ የምለው። ብቻዎን አይሂዱ።

አደራዎን፣ ይህን ደብዳቤ ከመኪናዋ አጠገብ አያንብቡት። ቤትዎ ወስደው በሹክሹክታ ያንብቡት።

ሚሊ

መጋቢት 18 ቀን

ለልጄ፣ ለሚሊ፦

መንገድሽ የተቃና ይሁን፣ ያሳደረ ያሻግርሽ። ከመነሳትሽ በፊት እንዲደርስሽ ይህንንም በፈጣን ፖስታ ሰደድኩት።

እንዳልሽው በወንድሜ ስም ምያለሁ፣ አልተቀመጥኩም፣ አላስነሳኋትም። የጀመርኩትን ላሜራም አስቀምጬዋለሁ። አጠገቧ አያንብቡት ያልሽው ግን ወረቀቱ ግርጌ ላይ ነበር፣ እኔ ደግሞ ከላይ ነው የምጀምረው። እዚያ ስደርስ ሁሉንም አንብቤዋለሁ። ብርሃን ያለው እዚያ መስኮት ጋ ብቻ መሆኑን ታውቂያለሽ።

አትቆጪኝ፣ የሆነውን ስሚ። «ሁለታችን አብረን» የምትለውን ሳነብ ቀኙ መነሳት ጀመረ። ሜትሩ እጄ ላይ ስለነበር ተንበረከክሁና ለካሁ። ሃያ አራት ላይ ይቆማል ብዬ ነበር፣ አልቆመም። ሃያ አምስት አለፈ፣ ሃያ ስድስት ላይ ቆመ። ግራውም ሃያ ስድስት። እንዲህ ከፍ ብላ አይቻት አላውቅም። ዞሬ ኋላዋን ሳይ ተቀምጣለች፣ ጎማዎቿ ፓራፋንጎው ውስጥ ገብተዋል።

የኋላዋን ወንበር ታውቂያታለሽ፣ አንቺ ሕፃን ሆነሽ የምትተኚባት ጠባቧ ወንበር። ያ ግዙፍ ሰው ጉልበቱን አጥፎ እዚያ ገብቷል። የፊቱን ሁለቱንም ወንበር ለቀቀልን፣ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ላንቺ። በሩን ከፍቼ በእጄ ጫን ጫን አደረግኋቸው፣ ሁለቱም ለስላሳ ናቸው፣ ባዶ ናቸው። መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የደስታ ነው ሚሊዬ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ አልቅሼ አላውቅም። ቤተሰብ እንዲህ በአንድ መኪና ከተሰበሰበ ስንት ዘመን ሆነው? ወንበሮቹን ወልውዬልሻለሁ፣ ያንቺን ትንሽ ወደ ፊት ስቤዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አሳስቦኛል፣ እሱንም የሥራ ጉዳይ ስለሆነ ነው የማነሳው። ሞተሩም እሱም አሁን ከኋላ ናቸው። ፓራውልቱን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ላይ ባነሳው፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ የፊት ጎማዎቿ ከመሬት ተላቀቁልኝ። በዚህ ዓይነት ከንፈሩ አይበቃንም። ጥልቁን አምጪ።

አጎትሽ ባትላሜራው